ቤት ከማየታችሁ በፊት ወረቀታችሁን አስተካክሉ

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ቤቴን ልገዛ ስነሳ ትልቁ ገንዘቤ ዕቁብ ነበር። ዕጣው ወጣልኝ፣ በጥሬው ተቀበልኩ፣ በማግስቱ ባንክ አስገባሁት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የወደድኩት ቤት ተገኘና ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ጠየቅኩ። ብድሩን የሚያየው ሰው የባንክ ስቴትመንቴን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «ይሄ ገንዘብ ከየት መጣ?» ስለ ዕቁብ አስረዳሁት። በደንብ አዳመጠኝ፤ ከዚያ «ወረቀት አለው?» አለኝ። የነበረን የሰብሳቢያችን ደብተር ብቻ ነው፣ እሱም በአማርኛ የተጻፈ። ቤቱን ሌላ ሰው ገዛው።

ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን የ2 ወር ስቴትመንት ያያሉ። ከደመወዛችሁ ጋር የማይመጣጠን ገንዘብ ከገባ ምንጩን አሳዩ ይላሉ። ስለዚህ የዕቁብ ገንዘብ ለቅድመ ክፍያ ካሰባችሁ ቤት መፈለግ ከመጀመራችሁ ብዙ ወራት ቀድማችሁ ተቀበሉና አካውንታችሁ ውስጥ ይቀመጥ። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ስታስገቡ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል፤ ይሄ የተለመደ አሠራር ነው፣ አያስፈራም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ ከፋፍሎ ማስገባት ግን ወንጀል ነው። ይህን ምክር ብለው የሚሰጡ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ አትስሟቸው። እህት ወይም ወንድም የሚረዳችሁ ከሆነ ደግሞ የሰጡት ስጦታ እንጂ ብድር እንዳልሆነ በደብዳቤ ይፈርሙላችሁ፤ እውነቱም እንደዚያው ይሁን።

ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዱ፣ የራሳችሁን ሥራ የምትሠሩ ሁሉ ይህቺን ልብ በሉ። ባንኩ ብዙ ጊዜ የ2 ዓመት ታክሳችሁን ይጠይቃል፣ የሚያየውም ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረውን ነው። 70,000 ዶላር አስገብቶ ማይሉን፣ ጥገናውን፣ ስልኩን ቀናንሶ 22,000 ያሳወቀ ሰው፣ በባንኩ ዓይን ገቢው ለዚያችው 22,000 የቀረበ ነው። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ቤት የመግዛት ሐሳብ እንዳላችሁ ከ2 ዓመት በፊት ንገሩት። ያልወጣ ወጪ አይጻፍባችሁ።

ለዘመድ የመኪና ብድር ፈርማችሁ ከሆነ፣ በየወሩ የሚከፍለው እሱ ራሱ እንደሆነ ማስረጃ ካላቀረባችሁ በቀር ያ ዕዳ እናንተ ላይ ነው የሚቆጠረው። ይሉኝታ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጎድቷል። «አሁን ቤት ልገዛ ስለሆነ መፈረም አልችልም» ማለት ነውር የለውም። ብድሩ ተፈቅዷል ብላችሁም ሶፋና ቴሌቪዥን በዱቤ አትግዙ፤ ባንኩ ከመፈራረማችሁ በፊት ክሬዲታችሁን (የዕዳና የአከፋፈል ታሪካችሁን) እንደገና ያያል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ባንኩ 450,000 ዶላር ፈቀደልኝ ብሎ የ450,000 ቤት የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ባንኩ የሚያሰላው ታክስ ሳይቆረጥ ባለው ገቢያችሁ ነው። ለእናታችሁ በየወሩ የምትልኩትን አያውቅም። የታናሽ እህታችሁን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አገር ቤት ሰው ታሞ በአንድ ሌሊት የምትልኩትን፣ ለቀብር በድንገት የምትቆርጡትን ቲኬት አያውቅም። ይሄን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ፣ እሱን ቀንሳችሁ ነው ማስላት ያለባችሁ። እኔ ለሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር አለ። አሁን የምትከፍሉት ኪራይ 1,800 ከሆነና የቤቱ ወርሃዊ ክፍያ 3,000 ከሆነ፣ ልዩነቱን 1,200 ዶላር ለ6 ወር ቁጠቡ። ሳትጨናነቁ ከቻላችሁ ትችላላችሁ። በሦስተኛው ወር መንካት ከጀመራችሁ ቤቱ ከአቅማችሁ በላይ ነው። የተቆጠበውም ይጠቅማችኋል።

ወርሃዊ ክፍያ ስል ዋናውንና ወለዱን ብቻ አይደለም። ፕሮፐርቲ ታክስ (የቤት ግብር) አለ፣ የቤት ኢንሹራንስ አለ፣ ታውን ሃውስ ወይም ኮንዶ ከሆነ ኤች ኦ ኤ (ለቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚከፈል መዋጮ) አለ። ወለዱ ለ30 ዓመት ቋሚ ቢሆንም ታክሱና ኢንሹራንሱ ይጨምራሉ። ቅድመ ክፍያው ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ደግሞ ለአበዳሪው ጥበቃ የሚሆን ሌላ ኢንሹራንስ ይከፈላል። በመደበኛው ብድር ዕዳው የቤቱ ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ ይነሳልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው የኤፍ ኤች ኤ ብድር ግን ክሬዲት ስኮራችሁ (የክሬዲት ነጥባችሁ) ቢያንስ 580 ከሆነ በ3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ መግባት ይቻላል፤ ከ10 በመቶ በታች ከፍላችሁ ከገባችሁ ግን ኢንሹራንሱ ብድሩ እስኪያልቅ አብሯችሁ ይኖራል። እኔ 20 በመቶ እስኪሞላ ጠብቁ አልልም፤ ምን እንደምትከፍሉ አውቃችሁ ግቡ ነው የምለው። ለክሎዚንግ (ለመፈራረሚያው ወጪዎች) ብቻ ከዋጋው ከ2 እስከ 5 በመቶ ሊወጣ ይችላል። በ400,000 ዶላር ቤት ከ8,000 እስከ 20,000 ማለት ነው፣ ከቅድመ ክፍያው ውጪ።

አበዳሪ አንድ ብቻ አትጠይቁ። ሦስት ጠይቁ፣ የሚሰጧችሁን ግምት ጎን ለጎን አስቀምጡት። በ14 ቀን ውስጥ ከጨረሳችሁ በክሬዲት ስኮራችሁ ላይ የሚቆጠረው እንደ አንድ ጥያቄ ነው። ኤጀንታችሁ የሰፈር ልጅ ቢሆንም የምትፈርሙትን ውል አንብቡ፤ ከነሐሴ 2024 ወዲህ ብዙ ኤጀንቶች ቤት ከማሳየታቸው በፊት የጽሑፍ ውል ያስፈርማሉ፣ ክፍያቸውም እዚያ ላይ ይጻፋል።

ኢንስፔክሽን፣ ማለትም ቤቱን በባለሙያ ማስመርመር፣ በፍጹም አትተዉ። ሻጭ ብዙ ገዢ ሲመጣለት «ኢንስፔክሽን አልፈልግም የሚል ይወስዳል» የሚባልበት ጊዜ አለ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቤት ልናይ ሄደን ቤዝመንቱ አዲስ ቀለም ይሸታል፣ ምንጣፉም አዲስ ነው። ደስ ብሎት ነበር። ኢንስፔክተሩ ተንበርክኮ የምንጣፉን ጫፍ በፒንሳ ሳብ አደረገው። ከሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሯል፣ ሲነካ እርጥብ ነው። ግድግዳው ግርጌ ላይ ከቀለሙ ሥር የውሃው መስመር ይታያል። ጓደኛዬ ለምርመራው የከፈለው ጥቂት መቶ ዶላር ከብዙ ሺህ ዶላር አዳነው። ስለዚህ ራሳችሁ ተገኙ። ከኋላው ተከተሉት፣ የጣራውንና የፈርነሱን (የቤት ማሞቂያውን) ዕድሜ ጠይቁት፣ ከተቻለ ዝናብ በጣለ ማግስት ቤቱን ደግማችሁ እዩ።

የመጨረሻው ሒሳብ ከመፈራረማችሁ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን በፊት ይደርሳችኋል። ከመጀመሪያው ግምት ጋር አስተያዩት፣ የጨመረ ካለ ጠይቁ። የስማችሁን አጻጻፍም እዩ፤ የኛ ስም ፓስፖርት ላይ ሌላ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ሌላ ሆኖ ብዙ ጣጣ ያመጣል። በዚያው ሰሞን «የቤቱን ገንዘብ የምትልኩበት አካውንት ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ቢመጣላችሁ አትላኩ። ሌቦች ከኤጀንታችሁ ወይም ከሚያፈራርማችሁ ድርጅት የመጣ አስመስለው ይጽፋሉ፣ የሄደው ገንዘብም ብዙ ጊዜ አይመለስም። ኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ከመጀመሪያው በያዛችሁት ስልክ ቁጥር ለድርጅቱ ደውሉ፣ የአካውንት ቁጥሩን በቃል አንብቡላቸውና ልክ ነው ሲሏችሁ ብቻ ላኩ።