አደራ የተቀበልኳት ድመት አልበላ አለች

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ለሁለት ሳምንት ስትጓዝ ድመቷን አደራ ሰጠችኝ። እኔ ቤት ካመጣኋት ወዲህ አልጋ ሥር ተደብቃ ምግብ አልነካችም፤ ዛሬ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ! ዛሬውኑ ለጎረቤትዎ ይደውሉና የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። ጎረቤቴን ላስጨንቃት አልፈልግም ብለው ዝም እንዳይሉ፤ እኔ ባለቤቷ ብሆን የሚያሳዝነኝ ዝምታዎ ነው።

ሐኪሙ ደህና ናት ካለ ወደ ራሷ ቤት ይመልሷት። ብዙ ድመቶች የሚረጋጉት በለመዱት ቤት ነው፤ እኔም የጎረቤቴን ድመት የምጠብቀው ቁልፍ ተቀብዬ ጠዋትና ማታ እየሄድኩ ነው። የለመደችውን ምግብ ለብ አድርገው ያቅርቡላት፤ መዓዛው ይጠራታል። በግድ ግን አያጉርሷት።