አዲሱ ትልቅ መኪና ከአሮጌዋ ትንሽ መኪና ያነሰ ይበክላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍክ መሰለኝ። ባለ 1300 ሲሲዋን አሮጌ መኪናህን ሸጠህ አዲስ ባለ ቱርቦ ኤስዩቪ ልትገዛ ነው፤ ሻጩም «ቴክኖሎጂው ስለተሻሻለ ከትንሿ ያነሰ ይጠጣል፣ ለአካባቢም ይሻላል» ብሎሃል። እኔም እንዲሁ ተብዬ ነው የገዛሁት።

ሁለቱንም በደብተር ለክቻቸዋለሁ። ሙሉ እሞላለሁ፣ ኪሎ ሜትሩን እጽፋለሁ፣ ደግሜ ስሞላ የገባውን ሊትር ለተነዳው መንገድ አካፍላለሁ። ዳሽቦርዱ የሚያሳይህን ቁጥር አትመን፤ የእኔው ግማሽ ሊትር ያህል ይደብቃል። አሮጌዋ በ100 ኪሎ ሜትር 7.2 ሊትር ትጠጣ ነበር፣ አዲሱ 8.1 ይጠጣል። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ስለምነዳ ልዩነቱ 135 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፣ በዓመት 310 ኪሎ ግራም ጨመርኩ ማለት ነው።

ሻጩ ግን ጨርሶ አልዋሸም። 500 ኪሎ የሚበልጥ ክብደት እየጎተተ 0.9 ሊትር ብቻ የጨመረ ሞተር ጎበዝ ሞተር ነው። ጉዱ፣ የጉብዝናው ትርፍ ሁሉ ለክብደቱና ለቁመቱ ማለቁ ነው። ታናሽ ወንድሜ ያንኑ ሞተር የተገጠመላት ትንሽ መኪና አለችው፤ በዚያው ደብተር ብለካት 5.8 ወጣ። ማወዳደር ያለብህ ከእሷ ጋር ነው እንጂ ከአሮጌዋ ጋር አይደለም።

ከተማ ውስጥ የሚጎዳህ ክብደቱ ነው፤ በየመብራቱ ቆሞ መነሳት። ረጅም መንገድ ላይ ደግሞ የፊቱ ስፋት ነው። የአየሩ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ከ80 ወደ 110 ስትወጣ ወደ እጥፍ ይጠጋል። የእኔ ረጃጅም ጉዞዎች ደብተሩ ላይ ያሳፍራሉ።

«ጭሱ እኮ አይሸትም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ጭስ ማውጫው ላይ የተገጠመው የጭስ ማጽጃ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ መርዛማዎቹን ካርቦን ሞኖክሳይድንና ናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይቀንሳል፤ አሮጌዋ መኪናህ ካታሊቲኳ ከሞተ ወይም ከተነቀለ በዚህ በኩል አዲሱ በሩቁ ይበልጣታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን አያስቀርም፤ እንዲያውም ሞኖክሳይዱን ወደ ዳይኦክሳይድ ነው የሚለውጠው።

ጎማም አለ። የአሮጌዋ አራት ዓመት ይቆይ ነበር፣ የአሁኑ በሁለት ዓመት ተኩል ተላጨ። የተላጨው ብናኝ ሆኖ መንገድ ዳር ቀርቷል። «ታዲያ ኤሌክትሪክ ይሁና» ለምትሉ፣ የግዙፉ ኤሌክትሪክ መኪና የሃመር ባትሪ ብቻውን 1,300 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የእኔ አሮጌ መኪና ሙሉዋ 1,050 ነበረች።

ቤተሰብህ ብዙ ከሆነ ወይም መንገድህ ኮረኮንች ከሆነ ግዛው፣ አልከለክልህም። ግን መጀመሪያ ወንበሮቹ ሁሉ የሚሞሉት በዓመት ስንት ቀን እንደሆነ ቁጠር። እኔ ከገዛሁ በኋላ ነው የቆጠርኩት፦ አራት ቀን።