ለአናጢው ጥያቄ አለኝ፦ የአሮጌ ሽጉጥ እጀታ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አንድ አሮጌ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር ገዝቻለሁ፤ «ሚሊታሪ ኤንድ ፖሊስ» የሚባለው ነው። የእጀታው ቫርኒሽ ተላልጧል። በግራ በኩል ደግሞ በእንጨቱና በብረቱ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ላድሰው ወይስ ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ ብርጭቆ ወረቀቱን ለጊዜው አስቀምጠው። መጀመሪያ ሲሊንደሩን ወደ ጎን አውጣና ስድስቱንም ቀዳዳ በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። ጥይት የሚባል ነገር ከምትሠራበት ክፍል ይውጣ።

ከዚያ ጫፉ የብሎኑን ስንጥቅ ሞልቶ የሚይዝ ካቻቪቴ ፈልግ። የቀጠነ ከሆነ ይንሸራተትና እንጨቱን ይጭርብሃል። ብሎኑን ጨርሰህ አትፍታው። ጥቂት ዙር አላላውና ጭንቅላቱን ጫን በለው፤ ከወዲያ ያለው እንጨት ራሱ ይነሳል። ፈልቅቄ ላውጣ ያለ ሰው ጠርዙን ይሰብራል።

አሁን የቀኙን እንጨት ገልብጠህ ውስጡን እይ። በድሮው ጊዜ ፋብሪካው እንጨቱን የሚያለሰልሰው ከገዛ ሽጉጡ ጋር ገጥሞ ነበር። ስለዚህ የሽጉጡን ቁጥር ውስጡ ላይ ይጽፉበት ነበር። ከእጀታው ግርጌ ብረቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አመሳክረው። አንድ ከሆነ እባክህ አትፈግፍገው። ሰብሳቢዎች ከነጭረቱ ነው የሚፈልጉት፤ እኔም ብሆን ወልውዬ እተወዋለሁ።

ክፍተቱን ስሰማ ግን የሌላ ሽጉጥ እጀታ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ትርፍ እንጨት ይላጋል፣ የጎደለ ግን አይቀጠልም። በኮላና በሰጋቱራ መሙላት ይቻላል፤ ከሩቅ ያስታውቃል እንጂ። እኔ ብሆን ትንሽ ተረፍ ያለ የዋልነት እጀታ እገዛለሁ። ስትገዛ «ኬ ፍሬም» በል፤ የዚህ ሽጉጥ አካል መጠን መጠሪያ ነው። ግርጌው ክብ ይሁን ካሬም ለይተህ ንገራቸው፤ ሁለቱ አይለዋወጡም።

ሲገጠም ቶሎ የሚያስቸግረው ላይኛው ቅስት ጠርዝና ከግርጌ ያለችው ትንሽ የብረት ፒን ናት። የብረቱን ጠርዝ ሊፒስቲክ ቀባው (ከቤት ከወሰድክ አስፈቅደህ)። እንጨቱን ጫን አድርገህ አንሳው። ቀይ የነካው ቦታ ብቻ ነው የሚፋቀው፤ እሱም በስለት ጫፍ፣ በጥቂቱ። እንደገና ቀባ፣ እንደገና ሞክር። አሰልቺ ነው፤ ግን አንዴ ብዙ ከፋቅክ ያው የጀመርከው ክፍተት መጣ ማለት ነው። ውስጡ ሲቀመጥልህ ብረቱን በፕላስተር ሸፍነህ ከውጭ የተረፈውን በ220 ቁጥር ወረቀት፣ ከዚያ በ400 አስተካክል። የእንጨቱን መስመር ተከትለህ ፈግፍግ። ለመጨበጥ የተቀረጸውን ፍርግርግ ግን ወረቀት አታስነካው፤ እሱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በቫርኒሽ ማስለቀቂያ አጽዳው።

ለመቀባት እኔ ከቫርኒሽ ይልቅ የተልባ ዘይት እወዳለሁ። ከወጥ ቤት የምታመጣው ሳይሆን ከቀለም መሸጫ፣ ማድረቂያ የተጨመረበት። በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተህ የተረፈውን ሙልጭ አድርገህ ጥረግ። ሲደርቅ ድገም። ወፍራም ከቀባህ ለወራት እጅ ላይ ይጣበቃል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብድደህ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥል! ሲደርቅ ይሞቃል፤ ያለ ክብሪት ራሱ ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርጋው ወይም ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ንከረው።

ብሎኑን ስትመልስ ሲይዝ አቁም። እንጨቱ የሚሰነጠቀው በማጥበቅ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ። ከአባቴ የቀረ የጣሊያን ሪቮልቨር አለ፤ የአንድ ጎን እጀታው ጠፍቷል። በዋንዛ ይሠራል?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ፈቃዱ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል። ፈቃዱ በአባትሽ ስም ከነበረ እንጨት ከመፈለግሽ በፊት ፖሊስ ጠይቂ።

ወደ እንጨቱ ስንመጣ፣ ዋንዛ ለቁም ሣጥን እንጂ ለዚህ ይለሰልሳል፤ በብሎኑ ዙሪያ ይጎደጉዳል። ወይራ ይሻላል። ግን በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥቡን ምድጃ ዳር አስቀምጦ አደርቃለሁ የሚል አናጢ ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ፤ ይሰነጠቅብሻል። የተረፈውን ጎን እንደ ናሙና ውሰጂለት፤ ሽጉጡን አይደለም።