ሚሽሊን ወይስ ኮንቲኔንታል? መጀመሪያ ቀኑን አንብብ

ገላን የሚኖር አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ጠይቆኛል።

«ጋሼ፣ ጎልፍ 7 አለችኝ። ስገዛት 19 ቁጥር ቸርኬ ተገጥሞላት ነበር። ጎማዋ 235/35 ነው፣ አሁን ጥርሱ አልቋል። በሳምንት ሦስት ቀን በፈጣን መንገዱ አዳማ እመላለሳለሁ። ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ያለው ግን ኮብልስቶንና ኮረኮንች ነው። መርካቶ ሁለት ዓይነት ጎማ አግኝቻለሁ፤ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ እና ኮንቲኔንታል ስፖርት ኮንታክት 6። ኮንቲኔንታሉ በዋጋ ቀነስ ይላል። ሻጩም ‹18 ይላል፣ የዘንድሮ ነው› ብሎኛል። ግን ሁለቱም የበጋ ጎማ ናቸው ሲባል ፈራሁ። ክረምት ላይ አያንሸራትቱኝም? የሁለቱንምና የአሁኑን ጎማዬን ፎቶ ልኬያለሁ፣ የቱን ልግዛ?»

ከፍርሃትህ ልጀምር። «የበጋ ጎማ» የሚለው ስም ነው ያሳሳተህ። ፈረንጆቹ ሰመር የሚሉት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ ነው፤ እኛ ጃንጥላ ይዘን የምንሮጥበትን ማለት ነው። ስሙ የወጣው ለሙቀት እንጂ ለደረቅ መንገድ አይደለም። ድንበሩ 7 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ላስቲኩ ለስለስ ብሎ መሬቱን ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ሲወርድ ደረቅ ይልና ይንሸራተታል። የሐምሌ ዝናብ የቱንም ያህል ቢያንቀጠቅጥህ ቀን ላይ እዚያ ድረስ አይወርድም። እንዲያውም ሁለቱም እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ጎበዞች ናቸው። ጎናቸው ላይ ትራክሽን ከሚለው ቃል አጠገብ ኤኤ የሚል ታገኛለህ። እሱ እርጥብ መሬት ላይ የመቆም ደረጃ ነው፣ ከሱ በላይ የለም።

ጥንቃቄው በተቃራኒው ጊዜ ነው። ለጥቅምት አንድ አጥንት የሚባልበት ብርድ፣ ከዚያም ህዳርና ታህሳስ፣ ሌሊቱን ሰማዩ ጥርት ብሎ ያደረ ቀን፣ በተለይ ሱሉልታና እንጦጦ በኩል ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ያኔ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የምትነሳ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ረጋ በል። የበጋ ጎማ የሚሰንፈው በበጋ ጠዋት ነው፣ ሳቅ ካልክ ሳቅ።

አሁን ወደ ፎቶህ። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ጀምረህ ሂድ፣ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት። የሚሽሊኑ 1224 ይላል። የኮንቲኔንታሉ 3318።

ሻጩ «18 ይላል፣ የዘንድሮ ነው» ያለህ ዘንድሮ 2018 ስለሆነ ነው። ወንድሜ፣ ኮንቲኔንታል መስከረም 1 እንቁጣጣሽ አያከብርም። ያ 18 የፈረንጅ ነው። በፈረንጅ 2018 ሠላሳ ሦስተኛው ሳምንት ማለት በኛ ነሐሴ 2010 ነው። ጎማው ሰባት ዓመት አልፎታል! ሚሽሊኑ ደግሞ መጋቢት 2016 የተሰራ ነው። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድም፣ እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር ቀኑን በኛ አቆጣጠር አንብቤ ለደንበኛ «አዲስ ነው» ብዬ አውቃለሁ። ሰውዬው ምስጋና አብዝቶልኝ ሄደ፣ አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ላስቲኩን የሚያለሰልሰው ነገር ቀስ እያለ ይጠፋና ይደርቃል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ሲከማች ደግሞ ይብሳል። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ግን አዲስ ይመስላል። አምራቾቹ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስፈትሽ፣ ከአስር ዓመት ግን አታሳልፍ ይላሉ። ሄደህ የምታይ ከሆነ የጥርሱን ቦይ በሁለት አውራ ጣት ፈልቀቅ አድርገህ ወለሉን እይ። ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ካየህ ተወው። አቧራ እንዳይመስልህ በምራቅ ጠረግ አድርገው።

ስፖርት ኮንታክት 6 የወጣው በፈረንጅ 2015 ነው፣ ተተኪው 7 ደግሞ በ2021። ስለዚህ 6ን መደርደሪያ ላይ ስታገኝ ቀኑን ሳታይ ዋጋ አትጠይቅ።

እሺ፣ ሁለቱም በእኩል ቀን የተሰሩ ቢሆኑስ? ያኔ ክርክሩ ደስ ይላል። ኮንቲኔንታሉ መሪ ላይ ስል ነው። ትንሽ ስትነካው መኪናው ይታዘዛል፣ ኩርባ ለሚወድ ሰው ፊት የሚያበራ ጎማ ነው። እስከ 350 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚያስኬድ ተብሎም ተፈቅዶለታል። አንተ የምትሄድበት ፈጣን መንገድ ላይ ጣሪያው 120 ነው፣ ስለዚህ የቀረውን 230 ለማን እንደምታወርሰው አላውቅም።

ሚሽሊኑ ከመሪው ይልቅ ለኑሮ የተሰራ ነው እላለሁ። ውጪኛው ትከሻው ለደረቅ መንገድ፣ ውስጠኛው ለእርጥብ በሚሆን የተለያየ ውህድ ነው የተሰራው። ጎኑ ላይ ትሬድዌር የሚል ቁጥር አለ፤ የሚሽሊኑ 300 ነው፣ የስፖርት ኮንታክት 6ቱ 240። ይህ ቁጥር ጎማው ምን ያህል እንደሚቆይ ከአንድ መለኪያ ጎማ ጋር ሲነጻጸር የሚሰጥ ነው። መለኪያው 100 ነው፣ ቴክሳስ ውስጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ 11,600 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ነው የሚታየው። ቁጥሩን የሚሞላው አምራቹ ራሱ ስለሆነ በሁለት ፋብሪካዎች መካከል እንደ መሐላ አትያዘው። ግን አቅጣጫውን ያሳያል፣ እጄ ላይ ያለፉት ጎማዎችም ያንኑ ነው የነገሩኝ። በሳምንት ሦስት ቀን አዳማ ለሚሄድ ሰው ይህ ገንዘብ ነው። ዋጋው ቀነሰ ያልከው ኮንቲኔንታል ቀድሞ ሲያልቅብህ ይበልጥ ሊያስወጣህ ይችላል።

ስለዚህ ከሁለቱ ሚሽሊኑን። ጉዳዩ ግን እዚህ አላለቀም፣ ምክንያቱም አንተን የሚያስለቅስህ ፈጣን መንገዱ ሳይሆን ከአስፋልቱ እስከ ደጅህ ያለችው መንገድ ናት።

እኔ የምሰራው ቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ አዳማ የሚገቡት ከክፍያ በሩ በፊት ንፋስ ለማስለካት ይቆማሉ፣ ከዚያ የሚወጡት ደግሞ የሆነባቸውን ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው አንዱ ባለ 35 ጎማ «መኪናዬ ይንቀጠቀጣል» ብሎ መጣ። ክሪክ አስገብቼ አነሳሁና ጎማውን በእጄ እያሽከረከርኩ ስዳብሰው ጎኑ ላይ የሎሚ ግማሽ የሚያክል እብጠት መዳፌ ውስጥ ገባ። የኮብልስቶን ጠርዝ ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ ውስጡ ያለውን ክር በጥሶታል። ንፋሱን የያዘው ስስ ላስቲክ ብቻ ነበር፣ በዚህ ሁኔታ 85 ኪሎ ሜትር መንገድ ሊጀምር ነበር። ጎን አይጠገንም። ማንም ማስቲሽ ይዞ «እኔ እሠራልሃለሁ» ቢልህ እሺ አትበል።

አሁን ሒሳቡን ተመልከት። 235/35 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 35 በመቶ ነው፤ 82 ሚሊ ሜትር። መኪናህ በ17 ቁጥር ቸርኬም ትመጣለች፣ መጠኑ 225/45 ነው። የሱ ጎን 101 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለት ጣት የማይሞላ ልዩነት ነው፣ ግን ድንጋዩን የሚውጠው እሱ ነው። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከ647 ወደ 634 ሚሊ ሜትር ነው የሚቀንሰው፣ ሁለት በመቶ ገደማ፣ የፍጥነት ቆጣሪህን ያን ያህል አያዛባም። መሃል ላይ መሆን ከፈለግህ 225/40 በ18 አለ፣ ጎኑ 90 ነው። በ17 ከወረድክ ፓይለት ስፖርት 4 ወይም የኮንቲኔንታል ፕሪሚየም ኮንታክት 6 ፈልግ፤ ከዚያው ቤት ናቸው፣ ትንሽ ለስለስ ያሉ። አዎ፣ 19ኙ ያምራል። ቆማ ስትታይ ታምራለች። እኔ ግን ያንተን ሰፈር መንገድ አውቀዋለሁ። 19ኙን ቸርኬ ሽጠህ የ17ቱን ቸርኬና ጎማ ግዛ፣ ለ19ኙ ገዢ አይጠፋም። ነዳጅ መኪና ማስገባት በኛ 2016 ከቆመ በኋላ የጎልፍ ዕቃ ፈላጊው በዝቷል።

አንድ ነገር ብቻ። ከመግዛትህ በፊት የ17ቱን ቸርኬ ፊት እግር ላይ አስሞክር። መኪናህ ትልቁ ፍሬን ያላት ከሆነ ቸርኬው ከፍሬኑ መያዣ ጋር ሊነካካ ይችላል። በእጅህ አዙረው፣ ኪች ካለ አይሆንም።

ሚሽሊኑን በ19ኙ እገዛለሁ ካልክም አላዝንብህም፣ ገንዘቡ ያንተ ነው። ያኔ ግን እነዚህን አስተውል። ሲገጠም አጠገቡ ቁም። ውጪና ውስጥ አለው፣ አውትሳይድ የሚለው ጽሑፍ በአራቱም እግር ወደ ውጭ መታየት አለበት። ተገልብጦ የተገጠመ ስንቱን አይቻለሁ፣ ያ ሁሉ የውህድ ጣጣ ከንቱ ይሆናል። ብሎኑን ቁልፍ ላይ በእግሩ ቆሞ የሚያጠብቅ ካለ አስቁመው፣ የጎልፍህ ልክ 120 ኒውተን ሜትር ነው። ጥቂት አሥርት ኪሎ ሜትሮች ሄደህ የብሎኑን ጥብቀት ደግመህ አስለካ።

ንፋስ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ «32 ሙላልኝ» ይላል፣ 32 ፒኤስአይ ማለቱ ነው። ልኩ ሾፌሩ በር ቋሚ ላይ ወይም ነዳጅ ክዳኑ ውስጥ ተጽፏል፣ እሱን አስሞላ፣ ጎማው ሳይሞቅ። ምቾት ብለህ ባለ 35 ጎማ ላይ ንፋስ ከቀነስክ እብጠቱን በገዛ እጅህ ጠራኸው። አዳማ ደርሰህ በሙቅ ጎማ ስትለካ ከፍ ብሎ ብታገኘውም አታስተንፍሰው። ሙቀቱ 5 ወይም 6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ንፋሱ አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወርዳል።

ምናልባት ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከደረሰህ አዲሶቹን ከኋላ ነው የምታስገባው። እዚህ ላይ ከደንበኞቼ ጋር ሁሌ እንጣላለን። «መኪናዬ የምትጎተተው በፊት ነው፣ መሪውም ፊት ነው» ይሉኛል። እውነት ነው። ግን ዝናብ ላይ ፊቱ ቢንሸራተት መሪው ላይ ይሰማሃል፣ ፍጥነት ቀንሰህ ታስተካክላለህ። ኋላው ከተንሸራተተ ግን ሳታውቀው ወደ አዲስ አበባ ዞረህ ታገኛታለህ።

የአሁኑን ጎማህን ጥርስ ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግህም። የክብሪት እንጨት ቦዩ ውስጥ አቁመህ በጥፍርህ ምልክት አድርግና በማስመሪያ ለካው። የመጨረሻው ወሰን 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቦዩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጉብታ እሷ ናት። ለክረምት ግን እኔ ከ3 በታች አልነዳም፣ ውኃው የሚወጣበት ቦታ ያጣል። ፎቶው ላይ እንዳየሁት ያንተ የፊት ግራ ጎማ ጉብታዋ ላይ ደርሷል። የገዛኸውን እስክትገጥም በፈጣን መንገዱ አትውጣ፣ እሑድ ከሰዓት ሱቅ አለሁ።