ሪሴፕሽን ለመቀጠር ምን ልማር ላልሽው እህት

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ሆቴል ሪሴፕሽን መቀጠር እፈልጋለሁ፣ የስድስት ወር ስልጠና ልግባ ወይስ ዝም ብዬ ላመልክት፣ አሠሪዎችስ ምን ያያሉ ብለሻል። ሰዎች «ፈገግታና ቋንቋ» እያሉ መልሰውልሻል። ልክ ናቸው። እኔን ግን ከሥራ ያስባረረኝ ያው ፈገግታዬ ነው።

1. ስልጠናውን ግቢ። ግን ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት «ስንት ሳምንት እውነተኛ ሆቴል ውስጥ ታሠሩኛላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ ሳልጠይቅ ከፍዬ ስድስት ወር ሙሉ የሆቴል ዓይነትና የናፕኪን አስተጣጠፍ ደብተር ላይ ስገለብጥ ከረምኩ። ኮምፒውተር ያየሁት የመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። የተግባር ልምምዱስ ብዬ ቢሮ ስገባ ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ሰርተፍኬት ነው የምትፈልጊው ወይስ ወሬ?» አለችኝ። መስተንግዶ የሚያስተምር ቤት ነው እንግዲህ! በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ «ኦፔራ ትችያለሽ?» ሲሉኝ ዘፈን መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ ብዙ ትልልቅ ሆቴሎች ክፍል የሚመዘግቡበትና የእንግዳ ሂሳብ የሚይዙበት የኦራክል ሶፍትዌር ነው። አንዱን እንዲህ ዓይነት ሲስተም በእጅሽ ከነካሽ ሌላው አይከብድሽም።

2. ቁልፍ። እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፣ ዋጋ ያስከፈለኝ እሱ ነው። ሌላ ሆቴል ለሁለት ሳምንት ሙከራ ወሰደኝ። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ሰልፍ ባለበት ሰዓት፣ ሽክ ያለ ሰውዬ መጥቶ «312 ነኝ፣ ካርዴን ክፍል ውስጥ ረሳሁት» አለኝ። እንዳላጉላላው ብዬ ስሙን ከስክሪኑ ላይ አንብቤ «አቶ እገሌ ነዎት አይደል?» አልኩት። አዎ አለ። ታዲያ ምን ይበል! ፈገግ ብዬ አዲስ ካርድ ሰጠሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ካርዱ ማናጀሩ እጅ ላይ ነበር። ሰውዬው ለፈተና የተላከ የቤቱ ሠራተኛ ኖሯል። በዚያው ማታ አሰናበቱኝ። እንደ ሌባ አጠመዱኝ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ። አሁን አዲስ ሰው ሲመጣ ያንኑ ፈተና የምሰጠው እኔ ነኝ፣ ብዙዎቹም ይወድቃሉ።

እንዲህ አድርጊ። መታወቂያ ጠይቂ። መታወቂያዬም ክፍል ውስጥ ነው ካለ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደገባ እሱ ይናገር፣ አንቺ ከስክሪኑ ጋር ብቻ አመሳክሪ። ከአንቺ አፍ ስም አይውጣ። ከዚያ ጥበቃ አብሮት ወጥቶ መታወቂያውን እዚያው ይይ። ክፍል ስትሰጪም ቁጥሩን ጮክ ብለሽ አትጥሪ፣ የካርዱ ማቀፊያ ላይ ጽፈሽ በጣትሽ አሳዪ። ኋላ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ አታውቂም። በስልክ «እገሌ እዚያ አርፏል?» የሚልሽንም ቁጥሩን እንዳትነግሪው።

3. የተናደደ እንግዳ። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህች ጥያቄ አትቀርም፦ «እንግዳ ክፍል አስይዞ መጥቶ ሆቴሉ ሞልቶ ቢያገኘው?» ይሉሻል። ሆቴሎች የሚቀር ሰው አለ ብለው ካላቸው ክፍል በላይ ስለሚሸጡ የሚያጋጥም ነገር ነው። እኔ «ማናጀር እጠራለሁ» ብዬ ተሳቀብኝ። መስማት የሚፈልጉት እስኪጨርስ እንደምታዳምጪው፣ ይቅርታ እንደምትጠይቂ፣ ከዚያ በሆቴሉ ወጪ ደረጃው የማያንስ ሌላ ሆቴልና መጓጓዣ እንደምታዘጋጂለት ነው። «ሲስተሙ ነው» አትበይ። «ይረጋጉ» የሚለውንማ ጨርሶ እርሺው፣ እሳት ላይ ቤንዚን ነው።

4. ሃውስኪፒንግ፣ ማለትም የክፍል ጽዳት ሥራ፣ ካቀረቡልሽ አፍንጫሽን አትንፊ። እኔ ከተባረርኩ በኋላ የገባሁት በዚያ በር ነው፣ ወገቤ እስኪቆረጥ አልጋ አንጥፌያለሁ። ሽንት ቤት የነካ ጨርቅ ብርጭቆ እንደማይነካ፣ በር አንኳኩቶ ማንነትን ተናግሮ መጠበቅን እዚያ ተማርኩ። አንድ ቀን ክፍል እያጸዳሁ አንዱ ዘው ብሎ «ክፍሌ ነው» አለኝ። «ይቅርታ፣ ካርድዎን በሩ ላይ ይሞክሩልኝ» አልኩት። አልከፈተለትም፣ ፎቁን ተሳስቶ ነው። ሱፐርቫይዘሬ ኮሪደር ላይ ቆማ ስታይ ነበር፣ ከወር በኋላ ሪሴፕሽን ያዛወሩኝ በእሷ ምስክርነት ነው።

አምስተኛው ሊረሳኝ ነበር፣ የማታ ሺፍት ትሠሪያለሽ ካሉሽ እሺ በዪ። የቀኑ ሂሳብ የሚዘጋው ሌሊት ነው፣ ሂሳቡን የምትለምጂውም ያኔ ነው። እስከዚያው የስልጠና ቤቱን ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ የኔዎቹ ከሆኑ ሳትከፍዪ እነግርሻለሁ።