ባለገመድ ወይስ ባለባትሪ ፖሊሸር? ቤት ለቤት ሥራ ለሚጀምር ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደንብ አነበብኩት። ላቫጆ ውስጥ ስትሠራ ቆይተሃል፤ አሁን በራስህ ቤት ለቤት እየዞርክ የመኪና ፖሊሽ ልትጀምር ነው። የአጎትህ ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ስለሆነ አንድ ፖሊሸር፣ ማለትም የፖሊሽ ማሽን፣ ላምጣልህ ብሎሃል። ባለገመድ ይሁን ባለባትሪ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በሁለቱም እየሠራሁ ነው የምኖረው። ያየሁትን ልንገርህ።

መልሴን አስቀድሜ ልስጥህ። ዋናው ትልቁ ማሽንህ ባለገመድ ይሁን፤ እሱን ግን ከአሜሪካ አታስመጣው። የአጎትህ ልጅ የሚያመጣልህ ትንሹን ባለ 3 ኢንች ባለባትሪ ይሁን። ቤት ለቤት ስለምትሠራ ባለባትሪው የግድ መስሎህ ይሆናል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ሂሳቡን አብረን እናስላው።

የተለመደው ትልቅ ባትሪ 18 ቮልት፣ 5 አምፔር አወር ነው። አሜሪካ ውስጥ 20 ቮልት ተብሎ የሚሸጠውም ያው ነው። 20 የሚባለው ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ሥራ ሳይጀምር የሚያሳየው ነው፤ ሥራ ላይ የሚታሰበው 18 ነው። 18ን በ5 ስታባዛው 90 ዋት አወር ይሆናል፤ ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ማለት ነው። ትልቅ ማሽን በኮምፓውንድ (ጭረት በሚያነሳው ሻካራ ቅባት) ጭረት ሲያወጣ 300 ዋት ቢጎትት፣ ያ 90 በ18 ደቂቃ አለቀ ማለት ነው። ለማሳመሪያ ብቻ ቀለል አድርገህ ከያዝከው ይረዝማል። ተጭነህ ከሠራህ ደግሞ ያጥራል። እኛ አገር ያለው ሥራ በአብዛኛው ከባዱ ነው። ለዓመታት ፀሐይ የመታው፣ በአቧራማ ጨርቅ ሲወለወል የኖረ ኮሮላ ነው የሚቀርብልህ። አንድ ዙር ብቻ አድርገህ የምትመለስበት መኪና ብዙ የለም።

አሁን ቻርጁን አስብ። የማኪታ ፈጣን ቻርጀር ባለ 5 አምፔር አወሩን ባትሪ በ45 ደቂቃ ይሞላዋል። ተራው ቻርጀር አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። አንተ በ18 ደቂቃ የምትጨርሰውን ቻርጀሩ በ45 ደቂቃ ነው የሚመልስልህ። ስለዚህ አንድ ቻርጀር መቼም አይደርስልህም። ሥራ ሳይቆም ሙሉ መኪና ለመጨረስ አራት ባትሪና ከአንድ በላይ ቻርጀር ያስፈልግሃል። በዚያ ላይ ከከባድ ሥራ የወጣ ባትሪ ይግላል። ብዙዎቹ ቻርጀሮች የጋለ ባትሪ ሲሰካባቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ መሙላት አይጀምሩም። ደንበኛው ከጎንህ ቆሞ ሰዓቱን እያየ አንተ ባትሪ እስኪበርድ ትጠብቃለህ።

ይኼንን ልብ በልልኝ። ቻርጀሩም ሶኬት ይፈልጋል! ሶኬት የለም ብለህ ባለባትሪ ገዝተህ፣ እኩለ ቀን ላይ ለቻርጀሩ ሶኬት ፍለጋ ትዞራለህ። ካልቀረልህ ሶኬቱን ጠዋት ላይ ጠይቀህ ማሽኑን ራሱን ብትሰካ አይሻልም?

ወጪውም እንደዚሁ ነው። በኢንተርኔት ዋጋው ረከስ ብሎ የምታየው ባለባትሪ ፖሊሸር ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነው የሚሸጠው፤ ባትሪም ቻርጀርም የለውም። ባትሪዎቹን ስትደምር ሌላ ማሽን የገዛህ ያህል ይሆናል። ልዩ የሚሆነው ቤትህ ውስጥ የአንድ ድርጅት ባለ 18 ቮልት ድሪልና ባትሪዎች ካሉህ ነው። ለምሳሌ የማኪታ 18 ቮልት ባትሪ ያለው ሰው ዲፒኦ600 የሚባለውን ፖሊሸር ባዶውን ገዝቶ በዚያው ባትሪ ሊሠራበት ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሂሳቡ ይለወጣል፤ አንተ ግን ስለ ድሪል ያነሳኸው ነገር ስለሌለ እንደሌለህ አድርጌ ነው የምመልሰው።

ይህን ሁሉ ስል ባለባትሪ አይረባም ማለቴ አይደለም። ትንሹን ባለባትሪ በጣም ነው የምወደው። ኮፈኑን፣ ጣራውንና የበሩን ሰፊ ቦታ ትልቁ ማሽን ይሠራዋል። የቀረውስ? የፓራውልቱ እጥፋት፣ የስፖኪዮው ጀርባ፣ በበርና በበር መካከል ያለው ቀጭኑ ቋሚ፣ ሰው ሁሉ በጥፍሩ የሚጭረው የበር እጀታ ውስጥ። እነዚህ ቦታዎች ላይ ትልቅ ፓድ (ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው ክብ ስፖንጅ) አይገባም፤ ከገባም ጠርዝ ይበላል። ገመድ እየጎተትክ እዚያ ውስጥ መሽሎክሎክ ደግሞ ያደክማል። ፍሌክስ ፒኤክስኢ 80 እና ሩፐስ አይብሪድ ናኖ የሚባሉት ትንንሽ ባለባትሪ ማሽኖች የተሠሩት ለዚህ ነው። ሁለቱም ጭንቅላታቸው ይቀያየራል፤ አንዴ እንደ ሮታሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየዞሩ፣ አንዴ 3 ሚሊሜትር፣ አንዴ 12 ሚሊሜትር እየተወዛወዙ ይሠራሉ። ፓዱ ትንሽ ስለሆነ ኃይል አይበላም፤ ስለዚህ ባትሪው ይበቃል።

የፊት መብራት ማጥራትም በዚህ ማሽን ይሠራል። ቢጫ የሆነውን መብራት በ800፣ በ1500፣ በ2000፣ በ3000 የብርጭቆ ወረቀት እያረጠብክ ታወርደዋለህ፤ ከዚያ በትንሹ ፓድ ታበራዋለህ። ሲያልቅ ፀሐይ የሚከላከል ሽፋን ካልቀባህበት ተመልሶ ይደበዝዛል፤ ይህን ለደንበኛው አስቀድመህ ንገረው። ለጀማሪ ጥሩ እንጀራ ነው። ሙሉ ፖሊሽ ለመክፈል የሚያመነታ ሰው መብራቱን ያሠራል፤ ውጤቱን ሲያይ ለቀሪው ይደውልልሃል።

ሌላም ጥቅም አለው። ደንበኛ ዋጋ ስንት ነው ሲልህ በቃል አትመልስ። ትንሹን ማሽን ከቦርሳህ አውጥተህ ኮፈኑ ላይ አንዲት ትንሽ ቦታ ሥራለት። መሥሪያ ቤቱ በር ላይም ቢሆን፣ ገመድ ሳትዘረጋ፣ ማንንም ሳታስቸግር። እሱ ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። አንተም ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ምን ያህል እንደሚያስቸግርህ ታውቃለህ፤ የምትጠራው ዋጋ ከዚያ ይመጣል።

ወደ ትልቁ ልመለስ። ባለገመድ ስትገዛ ከገመዱ በፊት እንቅስቃሴውን አስብ። መርካቶ ረከስ ብሎ የሚገኘው አብዛኛው ሮታሪ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሽከረከራል። ጎበዝ እጅ ከያዘው ፈጣን ነው። ያልለመደ ከያዘው ጠርዝ ያቃጥላል፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ የሚታይ ክብ ክብ ጭረትም ይተዋል። አንተ ዲኤ የሚባለውን ግዛ። እየዞረ ይወዛወዛል፤ ከልክ በላይ ስትጫነው መዞሩን ይቀንሳል እንጂ ዝም ብሎ አይበላም። የፋብሪካ ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ባትላሜራ ገብቶ የወጣ መኪና ላይ ደግሞ አንዱ በር ወፍራም ስቱኮ ነው፣ ሌላው የተቀባው በምን እንደሆነ አይታወቅም። ይህን በመሰለ መኪና ላይ መማር ያለብህ ይቅር በሚል ማሽን ነው። ባለ 5 ኢንች መቀመጫ፣ 15 ሚሊሜትር የሚወዛወዝ ለመጀመሪያ ይበቃል። 21 ሚሊሜትሩ ጣራ ላይ ይፈጥናል፤ እጥፋት ላይ ግን ያስቸግራል።

ስለ ገመዱ አያያዝ ትንሽ ልበል፤ ባለገመድ የሚጠላው በዚህ ነውና። ገመዱን በትከሻህ ላይ አሳልፈህ በጀርባህ ጣለው። መኪናው ላይ ከተጎተተ መሬት ላይ የለቀመውን አሸዋ ይዞ አሁን ያበራኸውን ይጭርብሃል። ኤክስቴንሽኑ ሦስት ሽቦ ያለው፣ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ይሁን፤ ከ30 ሜትር በላይ ከሄድክ 2.5 አድርገው። በጥቅል ላይ ያለ ገመድ ከሆነ ሁሉንም ፍታው። ተጠቅልሎ እያለ ከሠራህበት ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። በናስትሮ የተጠጋገነ ገመድ ይዘህ ደንበኛ ግቢ አትግባ። መኪናውን ያጠብክበት እርጥብ ቦታ ላይም ፖሊሽ አትጀምር፤ መኪናውን ወደ ደረቅ ቦታ አስወጣው። ሶኬቱ የተያያዘበት ቦታ መሬት ላይ አይተኛ፤ ጀሪካን ላይ አስቀምጠው። ክረምት ላይ ዳመና ሲጠቁር ንቀለውና ጠብቅ። እዚህ ላይ ባለባትሪው ይበልጣል፤ 220 ቮልት እርጥብ እጅ አጠገብ አይደርስም። ይህን አልክድም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ መኪና ማቆሚያው ላይ ሶኬት አይገኝም። እኛ የምናደርገው ደንበኛው ሦስተኛ ፎቅም ቢኖር በመስኮቱ ገመድ ማውረድ ነው። ቀጠሮ ስትይዝ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና መኪናው የትኛው ጎን እንደሚቆም ጠይቅ። ገመዱን ላይ አንድ ቦታ እሰረው፣ ሶኬቱ በክብደቱ እንዳይነቀል። ጥበቃውን አስቀድመህ አናግር፤ ልጆች በሚሮጡበት በኩል አታሳልፈው።

መብራት ሲጠፋ በባለገመድ ሥራ ይቆማል፤ ይህ ሐቅ ነው። በባለባትሪም ቢሆን ያለህን ባትሪ ያህል ነው የምትሄደው። እኔ መብራት ከጠፋ በትንሹ ማሽን ጥጋጥጉን እሠራለሁ፣ ውስጡን አጸዳለሁ፣ ሲመጣ ወደ ትልቁ እመለሳለሁ። አሁን ደግሞ ከ2024 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ከተማው ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። እንደ ዩዋን ፕላስ ያሉ የቢዋይዲ ሞዴሎች ተገቢው መሰኪያ ካላቸው ከራሳቸው ባትሪ 220 ቮልት ያወጣሉ፤ እስከ 3.3 ኪሎዋት ድረስ። ዲኤ ማሽን ወደ 500 ዋት አካባቢ ስለሆነ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ባለቤቱን ጠይቅ፤ ከፈቀደ በራሱ መኪና ኃይል መኪናውን ታበራለታለህ።

ለምን ትልቁን ከአሜሪካ አታስመጣ አልኩ? እዚያ ያለው 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። የዚያን ማሽን እዚህ ብትሰካው ወዲያው ይቃጠላል። ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር አለ፤ ከባድ ነው፣ ቤት ለቤት ይዘኸው አትዞርም። ትልቁን ከዱባይ ወይም ከቻይና የመጣ ግዛ፤ ቮልቱ ከእኛ ጋር ይስማማል። የዱባይ ከሆነ መሰኪያው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ መሰኪያውን ብቻ ታስቀይራለህ። ሲበላሽም መፍትሔ አለው። የአብዛኞቹ ባለገመድ ማሽኖች ካርቦን አልቆ ሲቆሙ እዚሁ ይቀየራል፤ ሞተሩ ቢቃጠልም የሚጠቀልል ባለሙያ አለ። የባለባትሪው የውስጥ ቦርድ ከተቃጠለ ግን ዕቃው እዚህ ስለማይገኝ የሚጠግንልህ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ለአጎትህ ልጅ የምትነግረው እንግዲህ ይህን ነው። ትንሹን ባለባትሪ ከሁለት ባትሪና ከቻርጀሩ ጋር ይግዛ። ከመክፈሉ በፊት የቻርጀሩን ጀርባ አንብቦ ወይም ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ኢንፑት በሚለው ቦታ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ እዚህ በቀጥታ ይሰካል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ቻርጀሩን ይተወውና እዚህ የሚስማማ ባለ 220 ፈልግ። ማሽኑ ሻንጣ ውስጥ መግባት ይችላል፤ ትርፍ ባትሪዎቹ ግን በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የሚጓዙት፤ የብረት ጫፋቸው እንዳይነካካ ለየብቻ ይጠቅልላቸው። እስከ 100 ዋት አወር ችግር የለውም። ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ አይፈቀድም። የፍሌክሱ ባለ 10.8 ቮልት፣ 2.5 አምፔር አወር ባትሪ 27 ዋት አወር ብቻ ስለሆነ አያሳስብም። ባለ 18 ቮልት 12 አምፔር አወር ካማረው ግን 216 ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ ያስቀሩበታል። የቻርጀሩ ፎቶ ሲደርስህ እዚህ ለጥፈው፤ አብረን እናነበዋለን።