ስፐርም አነሰ ለተባልከው ወንድማችን፦ ምን ልብላ ከማለትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከተጋባችሁ ሁለት ዓመት ሆኗችኋል፣ የስፐርም ቁጥርህ ዝቅ ያለ ነው፣ እንቅስቃሴውም ደካማ ነው ተብለሃል። «ምን ብበላ ይስተካከላል?» ብለሃል። እኔም እንደዚያ ዓይነት ወረቀት ይዤ ከክሊኒክ ወጥቼ ስለማውቅ ስሜቱ ይገባኛል። ከውጤቱ በላይ የከበደኝ ለባለቤቴ መንገሩ ነበር።

ከምግቡ በፊት ስለ ጊዜው ልንገርህ። አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ይወስዳል። ከዚያም ከቆለጥ ጀርባ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ እስኪበስል ጥቂት ቀናት ይጨመራሉ። በጥቅሉ ሦስት ወር በለው። ስለዚህ ዛሬ የሰጠኸው ናሙና ያለፉትን ሦስት ወራት አኗኗርህን ነው የሚያሳየው። ሁለት ሳምንት አትክልት በልቶ «ለውጥ የለም» ማለት አይቻልም።

የእኔ የመጀመሪያ ምርመራ የተሠራው ከኃይለኛ ትኩሳት ባገገምኩ ማግስት ነበር ማለት ይቻላል። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ቆይቼ እንድደግመው አዘዘኝ። ከፍተኛ ትኩሳት የስፐርምን ቁጥርና እንቅስቃሴ ለሳምንታት ሊያወርድ ይችላል። አንተም በቅርብ ወራት ታመህ ከነበር ለሐኪምህ ንገረው። በአንድ ምርመራ ብቻ አትደምድም። ስትደግመው ደግሞ ከ2 እስከ 7 ቀን ከወሲብ ተቆጥበህ መሆን አለበት።

ቁጥሩም ያን ያህል አያስደንግጥህ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም ነው፤ የሚንቀሳቀሱት ደግሞ 42 በመቶ። ይህ ወሰን የተወሰደው ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ነው። ከእነዚያ አባቶች መካከል እንኳ 5 በመቶው ከወሰኑ በታች ነበሩ። ዝቅ አለ ማለት አትወልድም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ አኗኗሩ ልምጣ። በእኔ እምነት የሚጎዳውን ማቆም የሚጠቅመውን ከመጨመር ይቀድማል። ሲጋራ ካለ አቁም፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ቁጥሩንም እንቅስቃሴውንም ይቀንሳል፣ በስፐርሙ ውስጥ ያለውን ዘረመልም ይጎዳል። መጠጥ የምታበዛ ከሆነም ቀንስ።

ከሁሉ በላይ የማሳስብህ ግን ጂም ቤት የሚወጉትን የጡንቻ መርፌ ነው። ብዙ ወጣት ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ከተወጋሁ ወንድነቴ ይጨምራል ብሎ ያስባል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። አንጎል ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ ያይና በቂ አለ ብሎ ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ስፐርም ማምረቱም ይቆማል፣ አንዳንዴ እስከ ዜሮ ይወርዳል። ካቆሙት በኋላ እስኪመለስ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። እየወሰድክ ከሆነ ሳታፍር ለሐኪምህ ተናገር፤ እሱ ካላወቀ ሌላው ሁሉ ድካም ነው።

ሙቀትም አለ። ቆለጥ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ማለት ስላለበት ነው። ሳውናና በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ለጊዜው ይቅር፣ ላፕቶፕ ጭን ላይ አታስቀምጥ፣ የምታዘወትረው ጠባብ የውስጥ ሱሪ ከሆነ ሰፋ ባለ ቀይረው። ቀላል ነገር ነው፣ ገንዘብም አያስወጣም።

እኔን ያታገለኝ ክብደቴ ነበር። ስብ ሲበዛ ቴስቶስትሮን ኤስትሮጅን ወደሚባለው የሴት ሆርሞን ይለወጣል፣ ጭንና ጭን መካከል ያለው ሙቀትም ይጨምራል። ተአምር አልሠራሁም። በየቀኑ በእግሬ እሄድ ነበር፣ ለስላሳ መጠጥና የተጠበሰ ነገር ተውኩ፣ በጊዜ መተኛት ጀመርኩ። ማዕዴ ላይ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና ለውዝ በዛ። ከሁሉም የትኛው እንደሠራ ልነግርህ አልችልም፣ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የጀመርኩት። ቁጥሩ ግን ከፍ አለ፣ ልጃችንም ከጊዜ በኋላ መጣች።

አንድ ምግብ ብቻውን ይፈውሳል የሚልህን አትመን። በኪኒን መልክ የሚሸጡትንም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2,000 በላይ ጥንዶች ተሳትፈው ከወንዶቹ ግማሾቹ ዚንክና ፎሊክ አሲድ ለስድስት ወር ወስደዋል። የወለዱት ቁጥር ከማይወስዱት አልበለጠም። እጥረት እንዳለብህ በምርመራ ካልታወቀ ገንዘብህን ለጥሩ ምግብ አውለው።

ምግብ የማይፈታው ነገርም አለ። የዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንድ መራቢያ አካል) ሐኪም አካልህን በእጁ ይመርምርህ። ቫሪኮሲል የሚባል የቆለጥ ደም ሥር ማበጥ ለመውለድ ከሚቸገሩ ወንዶች በብዙዎቹ ላይ ይገኛል፣ በቀዶ ሕክምናም ይስተካከላል። ስፐርም ጭራሽ ከሌለ ደግሞ መንስኤው መዘጋት ወይም የሆርሞን ችግር ሊሆን ስለሚችል በአመጋገብ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም።

ባለቤትህም በዚሁ ጊዜ ትመርመር፣ የአንተ ውጤት ስለወጣ የእሷ ይቅር አይባልም። በተለይ ዕድሜዋ ከ35 ካለፈ ሦስት ወር ጠብቀን እንይ አትበሉ። አኗኗራችሁን እያስተካከላችሁ ጎን ለጎን ሐኪም ዘንድ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። በየሁለት ሦስት ቀኑ መገናኘት ይበቃል፣ ቀን እየቆጠራችሁ ትዳራችሁን አታስጨንቁት።